የአባቴን ፊልም በቡና ላጥበው?

ጥያቄ፦ «አባቴ በ1977 ዓ.ም. ከሶቭየት ኅብረት ተመርቆ ሲመለስ ያመጣው ዜኒት-ኢ ካሜራ ከቁም ሣጥን ውስጥ ተገኘ። ውስጡ ያልታጠበ ፊልም አለ፤ ቆጣሪው 22 ላይ ቆሟል። አባቴ አሁን በሕይወት የለም። ፊልም በቡና እንደሚታጠብ ኢንተርኔት ላይ አይቼ ልሞክረው አሰብኩ። የምኖረው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። መታጠቢያ ቤቴን ጨለማ ክፍል ላደርገው እችላለሁ? ፎቶውን ራሴ ማተምስ? ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ቡና ፊልም ያጥባል፤ መታጠቢያ ቤትሽም ይበቃል። ያን ፊልም ግን መለማመጃ አታድርጊው። ይህ ሙያ የሚለመደው ፊልም በማበላሸት ነውና፣ የሚበላሸው በገንዘብ የሚተካ ይሁን።

መጀመሪያ ፊልሙን ከአደጋ እናውጣው። ካሜራውን አትክፈቺ። «ይሠራ እንደሆን ልይ» ብለሽም ማሳለፊያውን አትሳቢ፤ አርባ ዓመት የተቀመጠ ፊልም ደርቆ ስለሚሰባበር በጉተታ ይቀደዳል። ቆጣሪው 22 ማለቱን ደግሞ እንደ ማስረጃ አትያዢው። የዜኒት-ኢ ቆጣሪ ፊልም በተቀየረ ቁጥር በእጅ ወደ ዜሮ የሚመለስ ስለሆነ፣ አባትሽ ያን ቀን ረስተውት ከነበረ ቁጥሩ ምንም አይነግርሽም።

ማታ፣ ምንም ብርሃን በማይገባበት ክፍል ውስጥ፣ የመልሶ መጠቅለያውን ቁልፍ ተጭነሽ እንደያዝሽ በግራ በኩል ያለውን መጠምዘዣ ከፍ አድርገሽ በቀስቱ አቅጣጫ አዙሪ። በጣም በዝግታ ይሁን። የደረቀ ፊልም ፈጥኖ ሲጠቀለል ከመሰባበሩ ሌላ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይፈጥራል፤ ብልጭታው ደግሞ ምስሉ ላይ እንደ ሥር የተበተነ ምልክት ይተዋል። እጅሽ ድንገት ሲቀለው ጥቂት ጨምሪና እዚያው ጨለማ ውስጥ ክፈቺው። ፊልሙ መሐል ላይ ተቆርጦ ብታገኚውም በጨለማ ስለሆንሽ የጠፋ ነገር የለም፤ ሁለቱንም ቁራጭ በአሉሚኒየም ፎይል ደራርበሽ ጠቅልይ። ካሴቱ ሙሉውን ፊልም ከዋጠ ግን ወደ ብርሃን አውጪውና ላዩ ላይ የተጻፈውን ቅጂ፤ ጽሑፉ በኋላ ያስፈልግሻል። ከዚያ ክዳኑ በሚገጥም ብልቃጥ አድርገሽ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው። ይህን ያህል ዘመን የጠበቀ ምስል አንቺ እስክትለማመጂ ስድስት ወር ቢጠብቅ ለውጡ የሚታይ አይሆንም።

አሁን ወደ ቡናው። ፊልም ማለት ጄላቲን ውስጥ የተበተነ የብር ጨው የተቀባ ፕላስቲክ ነው። ብርሃን የነካቸው የጨው ቅንጣቶች ላይ ለዓይን የማይታይ ምልክት ይቀራል። የዴቨሎፐር ሥራ እነዚያን ቅንጣቶች ብቻ ለይቶ ኤሌክትሮን እየሰጠ ወደ ጥቁር ብር መለወጥ ነው። ይህን ማድረግ የሚችሉ ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ቡና ውስጥ ያሉት ካፌይክ አሲድና መሰሎቹ ፌኖሎች አንዱ ናቸው። ካፌይኑ የለበትም። እነዚህ ፌኖሎች ብቻቸውን ሰነፎች ናቸው፤ ሶዲየም ካርቦኔት ፈሳሹን አልካላይን ሲያደርገው ይነቃሉ፤ ቫይታሚን ሲ ሲታከልበት ደግሞ ሁለቱ ተጋግዘው እያንዳንዳቸው ለየብቻ ከሚሠሩት በላይ ይሠራሉ። ዘዴው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ የሮቸስተር ቴክኖሎጂ ተቋም፣ በስኮት ዊሊያምስ ክፍል ውስጥ ነው። ካፈኖል ይሉታል። ቫይታሚን ሲው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ለቡና አገር ሰው የሚያስቆጭ ነገር ግን አለ። ክሎሮጄኒክ አሲድ፣ ማለትም የካፌይክ አሲዱ ዘመድ፣ ከአረቢካ ይልቅ ሮቡስታ ውስጥ ይበዛል። የእኛ ቡና አረቢካ ነው። ይኸው አሲድ ቡናው በተቆላ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል፤ እኛ ደግሞ አጥቁረን እንቆላለን። ከጀበና የተቀዳ ቡና አይሠራም ማለቴ አይደለም፤ ይሠራል። ነገር ግን የዱቄቱ መጠን፣ የቆላው ልክ፣ እሳት ላይ የቆየበት ጊዜ በየቀኑ ስለሚለያይ ዛሬ ያገኘሽውን ውጤት ነገ አትደግሚውም። ስለዚህ ይርጋጨፌውን ለእንግዳ አስቀምጪና ለፊልም ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ ርካሹን የሚሟሟ ቡና ግዢ። ለጣዕሙ አይደለምና በርካሽነቱ አትፈሪው፤ ርካሹ ሮቡስታ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ካፌይን የወጣለት ቢሆንም ይሠራል።

ለዘገምተኛ ፊልም፣ ማለትም ለ100 እና ለ125 አይኤስኦ (ቁጥሩ ሲያንስ ፊልሙ ብዙ ብርሃን ይፈልጋል)፣ የሚታወቀው መጠን ለአንድ ሊትር 54 ግራም ውሃ የሌለው ሶዲየም ካርቦኔት፣ 16 ግራም ቫይታሚን ሲ እና 40 ግራም የሚሟሟ ቡና ነው፤ 20 ዲግሪ ላይ 15 ደቂቃ። አንድ ፊልም የሚይዝ ታንክ፣ ማለትም ብርሃን የማያስገባው የፊልም ማጠቢያ ዕቃ፣ 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሚፈልግ፣ ለአንድ ጊዜ 16.2 ግራም ሶዳ፣ 4.8 ግራም ቫይታሚን እና 12 ግራም ቡና ይበቃል። ይህን በማንኪያ አትስፈሪ። ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበትን ዓይነት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ግዢ፤ የዚህ ሥራ ዋናው መሣሪያ እሱ ነው እላለሁ፣ ከቴርሞሜትር ጋር።

ሶዳው ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ሶዲየም ካርቦኔት እንደ ጠጠር በሚያብረቀርቅ መልኩ ሲሸጥ ውስጡ ውሃ አለ፤ ክብደቱ ከደረቁ 2.7 እጥፍ ስለሆነ 54 ግራም የሚለውን ብትከተይ ዴቨሎፐርሽ ደካማ ይሆናል። ንጹሑን ካጣሽ ከሱቅ ቤኪንግ ሶዳ ግዢ፤ ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ነው፣ አይሆንም። ትሪ ላይ በስሱ ዘርግተሽ 200 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ብታቆዪው ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውስጡ ወጥቶ ሶዲየም ካርቦኔት ይሆናል። ማረጋገጫው ሚዛን ነው፤ 100 ግራም አስገብተሽ 63 ግራም ገደማ ስታወጪ አልቋል። ከአቢጃታ ሐይቅ ይመረት የነበረው ሶዳ አሽም በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ንጽሕናውን ሳታውቂ ለፊልም አትጠቀሚበት እንጂ። ቫይታሚን ሲውን በተመለከተ የሚያስፈልግሽ ንጹሕ ዱቄት አስኮርቢክ አሲድ ነው። ውሃ ውስጥ የሚፈላውን ክኒን ተዪው፤ ሲትሪክ አሲድና ሌላም ሌላም ስለተጨመረበት ስሌቱን ያበላሸዋል።

አቀላቀሉ በቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ ሶዳው ውሃው እስኪጠራ ድረስ ይሟሟ፣ ቀጥሎ ቫይታሚኑ፣ በመጨረሻ ቡናው። አረፋው እስኪወርድ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቂና ወዲያው ተጠቀሚ፤ ለነገ አይቀመጥም። ሽታው የሚወደድ አይደለም። አንድ ነገር አደራ፦ ቤት ውስጥ ልጅ ወይም እንግዳ ካለ ይህን ፈሳሽ ስኒ፣ ብርጭቆ ወይም ፔርሙዝ ውስጥ አትተዪው። መልኩ ቡና ነው፤ የሚጠጣ ግን አይደለም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ሙከራ የሚሆነው ማወዳደሪያ ካለሽ ብቻ ነው። ጀማሪ ሁሉ ቡናውን፣ ጊዜው ያለፈበትን ፊልምና ያልተፈተሸውን ካሜራ በአንድ ቀን ያገናኝና የወጣውን ግራጫ ነገር «ጥበባዊ» ይለዋል። ከሦስቱ የቱ ያንን እንዳደረገው ግን አያውቅም፤ ስለማያውቅም ቢያምርለት አይደግመው፣ ቢያስጠላው አያርመው። አንድ ጊዜ ላይ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ። ለዚያ ደግሞ የማይለወጥ መነሻ ያስፈልጋል፤ መነሻው ትኩስ ፊልምና የታወቀ ዴቨሎፐር ነው።

የታወቀ ስልሽ ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1927 ያወጣውን ዲ-76 ወይም አቻውን የኢልፎርዱን አይዲ-11 ነው። ዱቄት ስለሆኑ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ሊያመጣቸው ይችላል፤ ከነማሸጊያቸው ይሁኑ፣ ነጭ ዱቄት በላስቲክ ቋጥሮ ኤርፖርት መግባት ምን እንደሚያስከትል መገመት አያቅትሽም። ፊልሙን ግን በእጅ ሻንጣ ይያዘውና በእጅ እንዲፈተሽለት ይጠይቅ፤ አዲሶቹ የሲቲ መፈተሻዎች ያልታጠበ ፊልም ያበላሻሉ። የአባትሽንም ፊልም ያለ በቂ ምክንያት በአውሮፕላን አትላኪው የምለው ለዚህ ነው።

መለማመጃ ፊልሙ የኢልፎርዱ ጥቁርና ነጭ ኤፍፒ4 ፕላስ ነው እንበል፣ 125 አይኤስኦ። ለምን 400 አይደለም? የዜኒት-ኢ ሻተር፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ፣ ከ1/30 እስከ 1/500 ሰኮንድ ብቻ ነው ያለው፤ የሄሊዮስ 44-2 ሌንሱ አፐርቸር፣ ማለትም የብርሃን ቀዳዳው፣ ከኤፍ/16 በላይ አይጠብም። በአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ 400 ፊልም የሚጠይቀው ልክ ኤፍ/16 እና 1/500 ነው፤ ካሜራሽ ጫፉ ላይ ቆሞ ይሠራል ማለት ነው። በ125 ፊልም ያው ፀሐይ ኤፍ/16 ላይ 1/125 ይሆናል፤ ወዲያና ወዲህ ማለት ትችያለሽ። ካሜራው ላይ ያለው የሴሌኒየም ብርሃን መለኪያ ባትሪ ስለማይፈልግ ሰው ያምነዋል፤ ሴሌኒየም ግን በዕድሜ ይደክማል። ከስልክሽ የብርሃን መለኪያ አፕ ጋር አስተያዪው፤ ከተለያዩ ስልኩን እመኚ። ሌንሱ ደግሞ ሁለት ቀለበት አለው፤ አፐርቸሩን ከፍተሽ ፎከስ ካደረግሽ በኋላ ከመጫንሽ በፊት ራስሽ መዝጋት አለብሽ። ዘመናዊ ካሜራ የለመደ እጅ ይህን ይረሳና ፊልሙን በሙሉ በብርሃን ያጥለቀልቀዋል።

አንድ ሙሉ ፊልም በአንድ ትዕይንት ላይ ጨርሺ፤ ጥላም ነጭ ግድግዳም የሰው ፊትም ያለበት ቦታ ይሁን። አንዱን በትክክለኛው ብርሃን፣ ቀጣዩን አንድ ስቶፕ ቀንሰሽ (ብርሃኑን በግማሽ)፣ ሦስተኛውን አንድ ስቶፕ ጨምረሽ (ብርሃኑን እጥፍ)፣ እንደገና ከመጀመሪያው እያልሽ እስከ መጨረሻው ሂጂ። እንዲህ ካነሳሽው ጨለማ ውስጥ የትም ላይ ብትቆርጪው ሁለቱም ግማሽ ተመሳሳይ ነገር ይዟል። አንዱን ግማሽ በአይዲ-11፣ ሌላውን በቡና እጠቢ። ያኔ ቡናው ምን እንደሚያደርግ በዓይንሽ ታያለሽ፦ ቡናማ የሆነ የቆሻሻ ቀለም በሙሉ ፊልሙ ላይ፣ ትንሽ የጨመረ ጭጋግ (ብርሃን ያልነካው የፊልሙ ክፍል ሲጠቁር)፣ ግን ብዙ ሰው ከሚጠብቀው በላይ ሙሉ የሆነ ምስል።

ጨለማ የሚያስፈልገው ፊልሙን ከካሴት አውጥተሽ ታንኩ ውስጥ እስክትከቺ ብቻ ነው፤ ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ የቀረው ሥራ በኩሽና መብራት ይሠራል። መታጠቢያ ቤቱን ማታ ተጠቀሚ፤ የበሩን ሥር በፎጣ ድፈኚ፣ መብራት አጥፍተሽ አምስት ደቂቃ ቁሚ። እጅሽ ከታየሽ አልጨለመም። ፊልም መጫኛ ጥቁር ከረጢት ካገኘሽ ከሁሉ ይሻላል። ጋቢ የሚከላከለው ብርድን ነው፤ ብርሃን እንደ ወንፊት ያሳልፋል። ልምምዱን ደግሞ በከሸፈ ፊልም፣ መጀመሪያ ዓይንሽ እያየ፣ ቀጥሎ ዓይንሽን ጨፍነሽ አድርጊው፤ ጣቶችሽ ሥራውን ካልለመዱት ጨለማ ውስጥ ላብ ያጠምቅሻል፣ ላብ ደግሞ ፊልሙን ታንኩ ውስጥ በሚገባው መጠቅለያ ላይ ያጣብቀዋል።

ኤፍፒ4 ፕላስ በአይዲ-11፣ ከእኩል ውሃ ጋር ተቀላቅሎ፣ 20 ዲግሪ ላይ 11 ደቂቃ ይወስዳል። በየደቂቃው መጀመሪያ በ10 ሰኮንድ ውስጥ ታንኩን አራት ጊዜ ገልብጪ፣ ከዚያ አስቀምጪው። ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ጊዜው በ10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ የአዲስ አበባ ቤት ይበርዳልና ጠርሙሶቹን 20 ዲግሪ ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ ደርድሪያቸው፤ ድሬዳዋ ብትሆኚ ሳፋው ውስጥ በረዶ ነበር የሚያስፈልግሽ። ከአምስት ደቂቃ በታች በሚያልቅ ማጠብ አትሥሪ፤ ፈሳሹ ሁሉንም ቦታ እኩል አይዳረስም።

ለማስቆሚያ ከዴቨሎፐሩ በኋላ ተራ ውሃ ይበቃል። በተለይ ከቡናው በኋላ ኮምጣጤ አትጠቀሚ፤ ካርቦኔቱ አሲድ ሲያገኝ ጋዝ ይፈጥራል፣ አረፋው ለስላሳውን ጄላቲን ሊበሳው ይችላል። ቀጥሎ ፊክሰር፣ ያልተነካውን የብር ጨው የሚያሟሟው። ጊዜውን ከጠርሙስ ላይ ከማንበብ ይልቅ ለኪው፦ ከፊልሙ መነሻ የተቆረጠ ጫፍ ፊክሰር ውስጥ ጣይና ስንት ሰኮንድ ላይ እንደጠራ እይ፤ ፊልሙን የዚያን እጥፍ አቆዪው። ትኩስ ሳለ ከወሰደው ጊዜ ሁለት እጥፍ መውሰድ ሲጀምር ፊክሰሩ አልቆለታል። የፎቶ ፊክሰር ካጣሽ፣ የሕክምና ዕቃ አቅራቢዎች ዘንድ ያለው የኤክስሬይ ፊክሰር ይሠራል። የኤክስሬይ ዴቨሎፐሩን ግን ተዪው፤ ለፊልምሽ ከመጠን በላይ ኃይለኛ ነው።

የውሃው ፈረቃ አያሳስብሽ። ጄላቲኑን የሚያጠነክር ማጠንከሪያ የሌለበት ፊክሰር ከተጠቀምሽ የቧንቧ ውሃ ማፍሰስ አያስፈልግም። ታንኩን በተመሳሳይ ሙቀት ውሃ ሞልተሽ አምስት ጊዜ ገልብጠሽ ድፊው፤ እንደገና ሞልተሽ አሥር ጊዜ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ሞልተሽ ሃያ ጊዜ። ኢልፎርድ የሚመክረው ይህ ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ፊልም ከ2 ሊትር ብዙም ያልበለጠ ውሃ ይፈጃል። የኤክስሬይ ፊክሰር ብዙውን ጊዜ ማጠንከሪያ ስላለበት ከዚህ የበለጠ ማለቅለቅ ይጠይቃል። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ በሚገዛ የተጣራ ውሃ ቢሆን የነጠብጣብ ጠባሳ አይተውም። ስትገዢ አሲዱን እንዳይሰጡሽ ግን አስረግጠሽ ንገሪ። አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሪበት፤ ፊልሙን አቧራ በማይነሳበት በመታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ከታች መቆንጠጫ አድርገሽ ስቀዪው።

አሁን ከሁሉ የሚጠቅምሽን ልንገርሽ፤ ጀማሪ ሁሉ ምስሉን ያያል፣ ባለሙያ ግን ቀድሞ ጠርዙን ያያል። በፊልሙ ጠርዝ ላይ ያሉት ፊደሎችና ቁጥሮች በፋብሪካ በብርሃን የታተሙ ናቸው፤ ካሜራሽ አያውቃቸውም። ስለዚህ የሚመሰክሩት ስለ እጥበቱ ብቻ ነው። ፊደሎቹ ጥቁርና ጥርት ያሉ ሆነው ምስሉ ከሳሳ እጥበቱ ደህና ነበር፤ ያነሰው ካሜራው ያስገባው ብርሃን ነው። ፊደሎቹም ምስሉም ከሳሱ ዴቨሎፐሩ ደክሟል፣ ወይ ቀዝቅዟል፣ ወይ ጊዜው አጥሯል። ፊደሎቹ ወፍረው ከተጨማለቁ አብዝተሻል። ፊደል ኖሮ ምስል ጨርሶ ከሌለ ፊልሙ ካሜራው ውስጥ አልተንቀሳቀሰም ወይም ሻተሩ አልተከፈተም። ፊደልም ምስልም ከሌለ፣ ፊልሙ እንደ መስታወት ከጠራ፣ ወይ ዴቨሎፐሩ ሞቶ ነበር ወይ ፊክሰሩን አስቀድመሻል። ወተት የመሰለ ነገር ከቀረበት ደግሞ አትደንግጪ፤ ፊክሰሩ አላለቀምና ብርሃን ላይም ሆነሽ መልሰሽ ልትከቺው ትችያለሽ።

ሦስት አራት ፊልም እንዲህ አጥበሽ ጠርዙ በእያንዳንዱ ጊዜ ተመሳሳይ ሆኖ ሲወጣልሽ የፍሪጁን ብልቃጥ አውጪ። «ለእያንዳንዱ አሥር ዓመት አንድ ስቶፕ ጨምሪ» የሚለውን ምክር አትስሚ። እሱ ገና ለሚነሳበት አሮጌ ፊልም ነው፤ አባትሽ የሰጡት ብርሃን ከዚህ በኋላ አይጨምርም አይቀንስም። በእጃችን የቀረው ጭጋጉን መግታት ብቻ ነው። ለዚህ ቡና የመጨረሻው ምርጫ ነው፤ እሱ ራሱ ጭጋግ ይጨምራል። ካሴቱ ላይ «ስቬማ» የሚል የሩሲያኛ ጽሑፍ ካለ ሌላም ሥጋት አለ፦ የዚያን ዘመን የሶቭየት ፊልሞች ጄላቲን ለስላሳ ነው፤ በአልካላይን ፈሳሽ ውስጥ ከመጠን በላይ ያብጣል፣ ከሞቀ ደግሞ ሊላጥ ይችላል። እኔ የምመርጠው ኤችሲ-110 የተባለውን ዴቨሎፐር ነው፣ አንድ እጅ ለ31 እጅ ውሃ፤ በአሮጌ ፊልም ላይ ጭጋጉ አነስተኛ መሆኑ የታወቀ ነው። እሱ ከታጣ ዲ-76ም አያሳፍርም። ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ፈጽሞ እንዳያልፍ፤ ከዴቨሎፐር እስከ ማለቅለቂያው ያለው ውሃም ሁሉ እኩል ይሁን፤ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ለስላሳውን ጄላቲን ያሸበሽበዋል።

ሙሉውን በአንድ ጊዜ አታጥቢ። ጨለማ ውስጥ ከመነሻው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጠሽ እሱን ብቻ ሞክሪ። ሦስት ያህል ፎቶ መሥዋዕት ልታደርጊ ትችያለሽ፤ ሃያውን ለማዳን ዋጋው ተገቢ ነው። ቁራጩ ጠቁሮ ከወጣ ለቀሪው ጊዜውን ቀንሺ፤ ከሳሳ ጨምሪ። ካሴቱ ላይ «ሲ-41» የሚል ካለ ወይም ባለቀለም መሆኑ ከታወቀም በጥቁርና ነጭ ዴቨሎፐር ይታጠባል፤ ቀለሙ ይቀራል እንጂ ምስሉ ይወጣል። በደመና የተሸፈነ ነገር ጠብቂ። ዓይንሽ ምንም የለም የሚለው ነጋቲቭ ስካነር ላይ ፊት ሊያወጣ ስለሚችል ስካን ሳታደርጊ አትጣይው።

ማተሙ ሌላ ዓለም ነው፤ ግን ጀምሪው። የፎቶ ወረቀት ቀይ ብርሃንን አያይም፤ ስለዚህ በቀይ መብራት እያየሽ መሥራት ትችያለሽ። መብራት ቢጠፋ በባትሪ የሚሠራ የብስክሌት የኋላ መብራትም ይሆናል። መጀመሪያ ግን ፈትኚው፤ ወረቀቱ ላይ ሳንቲም አስቀምጪና ቀይ መብራቱ ሥር አምስት ደቂቃ ትተሽ እጠቢው። የሳንቲሙ ክብ ከታየ መብራትሽ ያታልላል።

ኢንላርጀር፣ ማለትም ነጋቲቭን አጉልቶ ወረቀት ላይ የሚያሳርፈው መሣሪያ፣ ስለሌለሽ በንክኪ ማተም ትጀምሪያለሽ። የተቆራረጠውን ነጋቲቭ ወረቀቱ ላይ ደርድረሽ፣ በንጹሕ መስታወት ተጭነሽ፣ የስልክሽን መብራት ከራስሽ በላይ ይዘሽ ለአንድ ለሁለት ሰኮንድ አብሪበት። ትክክለኛውን ጊዜ በቁርጥራጭ ወረቀት ፈልጊው፤ ሙሉ ወረቀት ለግምት አይባክንም። ፎቶዎቹ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናሉ፤ የትኛው መጉላት እንደሚገባው ለመምረጥ ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ኢንላርጀር ፍለጋ መርካቶ ምናለሽ ተራን ጠይቂ፤ የድሮ ፎቶ ቤት የነበራቸው ቤተሰቦችንም አትርሺ። አዲስ አበባ በዚህ ሙያ አዲስ አይደለችም። የአርመኖቹ የቦያጂያን ቤተሰብ አባትና ልጆች ከምኒልክ ዘመን እስከ ኃይለ ሥላሴ ለቤተ መንግሥት ፎቶ ያነሱ ነበር፤ ያ ሁሉ የታተመው በጨለማ ክፍል ነው። ኢንላርጀር ስታገኚ አምፖሉ አያሳስብሽ፣ ይተካል፤ ሌንሱን ግን ወደ ብርሃን አዙረሽ ሻጋታ እንዳልበላው፣ የነጋቲቭ መያዣውም አብሮ እንዳለ እይ። መያዣው የጠፋበት ኢንላርጀር ግማሽ ዋጋም አይገባውም።

ጨለማ ክፍል ሳትሠሪ ማተም ከፈለግሽ ሳያኖታይፕ አለ፤ ጆን ኸርሸል እ.ኤ.አ. በ1842 ያገኘው ሰማያዊው ሕትመት። 25 ግራም ፌሪክ አሞኒየም ሲትሬት በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 10 ግራም ፖታሲየም ፌሪሲያናይድ በሌላ 100 ሚሊ ሊትር፣ ሁለቱ እኩል ተቀላቅለው ተራ ወፍራም ወረቀት ላይ ይቀባሉ፤ ነጋቲቩን ደርበሽ ፀሐይ ላይ ታወጪዋለሽ፣ በውሃ ታለቀልቂዋለሽ። በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የአልትራቫዮሌት ብርሃን ለዚህ የተመቸ ነው። አስፈላጊው ነጋቲቭ የሕትመቱን ያህል ትልቅ ስለሆነ የነጋቲቩን ስካን ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ አሳትሚ።

መታጠቢያ ቤቱ አየር ማስወጫ ከሌለው በየግማሽ ሰዓቱ በሩን ከፍተሽ ውጪ። ዲ-76 ውስጥ ያለው ሜቶል የአንዳንድ ሰው ቆዳ ያሳክካልና ጓንት አድርጊ። ለዚህ ሥራ የገባ ማንኪያና ጎድጓዳ ሳህን ወደ ኩሽና አይመለስም። ያገለገለ ፊክሰር ደግሞ ውስጡ ብር ስላለ ፍሳሽ ውስጥ አትድፊው። በፕላስቲክ ጄሪካን አጠራቅሚና ተራ የብረት ሱፍ ክተቺበት፤ የማይዝገው የድስት መፈግፈጊያ አይሆንም። ብረቱ እየሟሟ በቦታው ብሩ ጥቁር ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል። ክዳኑን አጥብቀሽ አትዝጊው፤ ጋዝ ሊያበጀው ይችላል።